ከብቶች የላሱት ዳስ

ጂን፣ ዛር፣ ሙት መንፈስ የሚባል ነገር እኔ ዘንድ ሰሚ አግኝቶ አያውቅም፣ ጅማ መርካቶ ጨርቅ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ እዚያ ደግሞ ወሬው ከጨርቁ ይበልጣል፣ የአንዷ ልጅ ወንዝ ዳር ተለክፎ ነው፣ የሌላዋ ባል ማታ ጥላ አይቶ ነው ሲሉ፣ ሜትሬን ዘርግቼ አቡጀዲ እየለካሁ "ጂን የሚባል ቢኖር ኖሮ እስካሁን እዚህ ሱቅ ከፍቶ ዋጋ ይሰብርብን ነበር" እያልኩ አስቃቸው ነበር። ዛሬም ጠንቋይ ቤት ሂጂ ብትሉኝ እግሬን አላነሣም። ግን ይቺን አንዷን ነገር፣ በዓይኔ ያየኋትን፣ በምላሴ የቀመስኳትን፣ ምን ብዬ ልካዳት? እስቲ እናንተው ፍረዱኝ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ባሌ ግርማ ባሕር ኃይል ነበር፣ የመርከብ ሞተር መካኒክ። ጊቤን በድልድይ ከመሻገር በቀር ውሃ የማያውቅ የጅማ ልጅ ምን አግኝቶት ባሕር ላይ እንደወጣ እኔም አልገባኝም፣ ለዕረፍት ሲመጣ ግን ወሬው ሁሉ ባሕር፣ ሻንጣው ሲከፈት የሚሸተው ባሕር፣ ጨውና ናፍጣ የተቀላቀለበት፣ ቤቱን ለሳምንት የማይለቅ ሽታ። በመጨረሻው ፈቃዱ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ካለው ቤታችን ጓሮ፣ ከቡናው ጀርባ ባለችው ተዳፋት ላይ የባሕር ዛፍ ችግኝ በሰልፍ ተከለ። ውሃችንን ይጠጣብናል፣ ቡናውንም ያደርቅብናል ብዬ ብጮህበት ሳቀብኝ።

"ስንዱ፣ የዚህ ዛፍ አገሩ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለኝ። ወደብ ላይ አንድ ፈረንጅ መርከበኛ አጫውቶት ነው፣ በሰውየው አገር ይኼ የእኛ ነጩ ባሕር ዛፍ ማንም ሳይተክለው በራሱ ጊዜ ባሕሩ አፋፍ ላይ ይበቅላል አሉ፣ እታች ማዕበሉ ድንጋዩን ይመታል፣ ጨው ያዘለ ንፋስ ቀን ከሌት ይገርፈዋል፣ እሱ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ዕድሜውን ይጨርሳል። እኛ ቤት እንማግርበት፣ እንማግደው፣ ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን እንታጠን እንጂ ከየት መጣህ ብለን ጠይቀነው አናውቅም። "እሱ የባሕር ዳር ልጅ ሆኖ ጅማ ቀረ፣ እኔ የጅማ ልጅ ሆኜ ባሕር ላይ ቀረሁ፣ ተለዋወጥን በይው" አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፣ "ቀረሁ" ማለቱን ሆዴ አልወደደውም።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ሠራዊቱ ተበተነ፣ ስንቱ በእግሩ፣ ስንቱ በሱዳን፣ ስንቱ በጅቡቲ ዞሮ እቤቱ ገባ፣ የእኔው ሰው ግን የውሃ ሽታ ሆነ። ልጅ አልወለድንም፣ እናቱ እማማ የሺ ከእኔው ጋር ነበር የሚኖሩት፣ ሁለት ሴቶች አንድ ወንድ ስንጠብቅ ዓመት ዓመትን እየወለደ ሄደ፣ ዛፎቹም ጣሪያችንን አልፈው ሄዱ። አንድ ቀን አጋሮ የሚኖር የድሮ ባልደረባው ሱቄ ድረስ መጣ። ከአሰብ በሁለት ጀልባ እንደወጡ፣ የሱ ጀልባ የመን እንደገባች፣ ግርማ የተሳፈረባት ግን እንዳልገባች ነገረኝ።

"ስትሰጥም አይተሃል?" አልኩት።

"አላየሁም እህቴ። ወደኋላ ዞር ስል ነበረች፣ እንደገና ዞር ስል የለችም።"

ይኼን ለእማማ የሺ አልነገርኳቸውም፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ባልኩበት ታምራት ሽማግሌ ላከብኝ። ታምራት ከአጋሮ ቡና የሚጭን የአይሱዙ ሾፌር ነው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ጨዋ ሰው። ወደድኩት፣ ምን እዋሻለሁ፣ እኔም ሰው ነኝ፣ ቤቴ ውስጥ የወንድ ኮቴ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነበር! ሽማግሌዎቹም የነፍስ አባቴም ታዲያ የጀልባዋን ነገር ስነግራቸው የተናገሩት አንድ ነገር ነው፣ አስቀድሞ የግርማ መርዶ ይነገር፣ ለቅሶው ይቀመጥ፣ ፍትሐቱ ይደረግለት፣ ከዚያ በኋላ ባሏ የሞተባት ሴት ነሽና ብታገቢ ማንም አይወቅስሽም፣ ያለዚያ ግን የሰው ሚስት ነሽ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ካለቀስን ነፃ ወጣሁ፣ ካላለቀስን እንደታሰርኩ ልቀር ነው፣ ነገሬ ሁሉ በዚያች አንዲት ጠዋት ላይ ተንጠለጠለ።

መርዶ እንዴት እንደሚደረግ መቼም ታውቃላችሁ፣ ሐዘንተኛው እንዳይሰማ ይደበቃል፣ ጎረቤት ለብቻው ይመክራል፣ ይዘጋጃል፣ ከዚያ ገና ሳይነጋ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጁን ይሞላዋል። ለእማማ የሺም እንደዚሁ ሊደረግ ቅዳሜ ጠዋት ተቆረጠ። የእድራችን ድንኳን ሌላ ለቅሶ ቤት ተተክሎ ነበርና ዳስ መጣል ግድ ሆነ፣ ዳስ ደግሞ እንጨት ይፈልጋል፣ የእድሩ ዳኛ ወደ ጓሮዬ አሻግሮ አየና "ይኸው እንጨት፣ ደግሞም የራሱ የሟቹ ነው፣ ከዚህ የበለጠ ክብር የት ይገኛል?" አለ። ሁሉም "እውነት ነው፣ እውነት ነው" አሉ። እኔም እውነት መሰለኝ። አሁን ሳስበው ስህተታችን እዚያ ላይ ነው፣ የሰውየውን ሞት ሳናረጋግጥ በገዛ ዛፉ የለቅሶውን ዳስ ልንጥል ተነሣን።

ለእማማ የሺ የሚካኤል ማኅበር ተራችን ደርሷልና ዳስ እንጥላለን አልኳቸው።

"የግርማን ዛፍ? ሌላ እንጨት ጠፍቶ ነው?" አሉኝ።

"ለሚካኤል እኮ ነው እማማ።"

"እንግዲህ ለሚካኤል ከሆነ እሺ። ግን አባ ነጋን ቀስ ብለው እንዲቆርጡት ንገሪያቸው፣ እንዳያስደነግጡት።" ማንን እንደሚሉ፣ ዛፉን ይሁን ልጃቸውን፣ አልጠየቅኋቸውም፣ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

አባ ነጋ ጎረቤታችን ናቸው፣ እንጨት ይቆርጣሉ፣ ሁለት ሦስት ከብትም አላቸው፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ መጥረቢያቸውን ይዘው መጡ። ጊዜው ቡና የሚለቀምበት ነበር፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ዝናብ ካየን የሰነበትን፣ መሬቱ ከእግር ሥር የሚቦንን። ይኼን ልብ በሉልኝ። የመጀመሪያውን ዛፍ ሲመቱት የደረቅ እንጨት ድምፅ አልሰጠም፣ እርጥብ ብርድ ልብስ በዱላ ሲመታ የሚሰማውን ዓይነት፣ ጭብ ጭብ ነው ያለው። ከቁስሉ ውሃ ወረደ። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ማርጠቡ ያለ ነው፣ ይኼኛው ግን በግንዱ ላይ ኩልል ብሎ ወርዶ የአባ ነጋን ጫማ አራሰው።

"ምንድን ነው ይኼ ሁሉ?" አልኩ።

"ቢሻን ነዋ፣ ውሃ! ይኼ ዛፍ ስንት ዓመት ውሃችንን ሲጠጣ ኖሮ አሁን ሲመታ ይተፋዋል፣ ምን ይገርምሻል አቦ!" አሉና ሳቁ።

እኔ ሥር ሥራቸው በቢላዋ ቅጠሉን እመለምላለሁ። ጠብታ ከንፈሬ ላይ አረፈ፣ ሳላስበው ላስኩት፣ ጨው ነው። ላቤ ነው አልኩ። ፊቴን በነጠላዬ ጠርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ፣ ቢላዋው የላጠው ጣቴ ግን የተላጠውን ቅርንጫፍ በነካሁ ቁጥር ቋያ ሆነብኝ፣ ቁስል ላይ ጨው ሲነሰነስ እንዴት እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ያንንም የዛፉ ዘይት ነው ብዬ አለፍኩት፣ እንዲህ ነኝ እኔ፣ ለሁሉ ነገር መልስ አላጣም።

ኋላ ነው ድምፁ የመጣ። ገና ያልተቆረጡት ዛፎች ጫፍ ላይ፣ ከወዲያኛው ዳር ተነሥቶ ሹ...ሹሹሹ እያለ በሰልፉ ላይ እየገሰገሰ መጣ፣ እላያችን ሲደርስ አገሳ፣ ከዚያ እየተሳበ ወደ መጣበት ተመለሰ፣ ዝም አለ። ትንሽ ቆየና እንደገና መጣ። ንፋስ ነው እንዳልል፣ አጥሩ ሥር ኮባ አለን፣ የኮባ ቅጠል ደግሞ ሰው ሲያነጥስ እንኳ የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው፣ ያ ኮባ እንዳለ ቆሟል፣ አንዲት ቅጠሉ አትነቃነቅም። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፣ እስከ ዛሬም አላየሁም፣ ግን በአምላክ ስም እነግራችኋለሁ፣ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁት። አባ ነጋ መጥረቢያቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቆሙ፣ ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ኮባው አዩ፣ "ያ ራቢ" አሉ ቀስ ብለው።

"ምነው አባ ነጋ?"

"ምንም፣ ምንም። ቶሎ እንጨርስና ልሂድ።"

የእድሩ ጎረምሶች ጉድጓድ ቆፍረው ምሰሶዎቹን አቆሙ፣ አግዳሚውን አሰሩ፣ ቅጠሉን ከላይ አለበሱት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳሱ አለቀ። ታምራት ከቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር ተበድሮ በመኪናው ጭኖ መጣልኝ፣ ወንበሩን ሲያወርድ ምሰሶውን ደገፍ አለና እጁን አየት አደረገ፣ ሱሪው ላይ ጠረገ፣ እንደገና አየው፣ እንደገና ጠረገ። "እርጥብ ነው እንዴ?" አለ። "አዲስ እንጨት አይደል?" አልኩት፣ ፊቴን አዙሬ። እማማ የሺ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ አፍንጫቸው ግን የድመት ነው። ቀና አሉና ማሽተት ጀመሩ።

"ስንዱ፣ የግርማን ሻንጣ ማን ከፈተው?"

እውነትም እሱ ነው፣ ጨውና ናፍጣ፣ ያ ቤቱን ለሳምንት የማይለቅ ሽታ፣ ከዳሱ ውስጥ ነው የሚመጣው። "ቅጠሉ ነው እማማ፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል ነው" አልኳቸው። "ኧረ ተይኝ! ቅጠልና ልጄን አልለይም እንዴ?" ብለውኝ ተነሥተው ገቡ። ታምራት ይኼን ሰምቷል፣ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ልብሴን ሳላወልቅ ጋደም አልኩ፣ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም፣ ከዳሱ ጠብ...ጠብ ይላል፣ ጣሪያው እንደሚያፈስ ቤት። ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ሌላ ድምፅ ተጨመረ፣ ሸርር፣ ሸርር የሚል፣ ሻካራ ነገር በእንጨት ላይ ሲፈገፈግ። ለቀስተኛው መጥቷል ብዬ በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ጉም ወርዷል፣ ዳሱ ውስጥ ጥቁር ጥቁር ነገር በየምሰሶው ሥር ቆሟል፣ አንገቱን ደፍቷል፣ ድምፅ የለውም። እንዴት ያለ ሥርዓት ነው፣ ሳይጠሩ መጥተው ቆመው ይጠብቁኛል አልኩ በልቤ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወረድኩ። አንዱ ቀና አለ። ቀንድ አለው!

ከብቶች ናቸው። የአባ ነጋ ላም ገመዷን በጥሳ፣ የማዶ ቤት በሬዎች፣ የማላውቃቸው ጥጆች፣ የሰፈሩ ከብት ሁሉ በረቱን ጥሶ እኔ ዳስ ውስጥ ገብቷል፣ እያንዳንዱ አንድ አንድ ምሰሶ ይዞ ይልሳል። ወይ ጉዴ! ከብት ባሕር ዛፍ ሲያሸት እንኳ ፊቱን ያዞራል፣ እነዚህ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚልሱት። በዚህ መሀል ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከች አለ፣ የእድሩ ዳኛ የሚናገረውን መርዶ አፉ ላይ አዘጋጅቶ ከፊት፣ ግን ማን ይግባ፣ ዳሱን ከብት ሞልቶታል። አባ ነጋ በዱላ ላማቸውን ይወቅጧታል፣ ንቅንቅ አትልም። ኋላ ዱላውን ጣሉና ጣታቸውን በምሰሶው ላይ አሳልፈው ቀመሱት፣ ወዲያው ተፉት።

"አስተግፊሩላህ! ሆራ ነው፣ ወላሂ ሆራ ነው! ሆራ ካልሆነ ከብት እንዲህ አይሆንም!" አሉ። ሆራ ከብት የሚነዳበት ጨዋማ የምንጭ ውሃ ነው፣ ጅማ አካባቢ ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ ከሰፈራችን ግን የሰዓታት መንገድ ነው፣ በግንድ ውስጥ አይመጣም።

እማማ የሺ ጫጫታውን ሰምተው ወጡ። ቆሙና ሰውን አዩት፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩት፣ ዓይናቸው ደካማ ቢሆንም እሱን የማታይ እናት የለችም። አሁን ይጮኻሉ ብዬ ክንዳቸውን ልይዝ ተጠጋሁ። አልጮኹም። ወደ ከብቶቹ ሄዱ፣ ያ በዱላ ያልተነቃነቀ ከብት ፈቀቅ ፈቀቅ እያለ አሳለፋቸው፣ መሀለኛውን ምሰሶ በመዳፋቸው ደገፉትና መዳፋቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱት። ብዙ ቆሙ።

"ለማን ልታለቅሱ ነው የመጣችሁት?" አሉ።

ዳኛው ጉሮሮውን ጠራረገ። "እማማ፣ እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ልጅዎ ግርማ..."

"ግርማ ማታ ገባ፣ ይኸው እዚህ ነው። ለመጣ ሰው ለቅሶ የሚቀመጠው በየትኛው አገር ነው? ነጠላችሁን መልሱ!"

እኔ ያን ጊዜ ነበር መጮህ የነበረብኝ። ሚስት ናት የመጀመሪያዋን እሪታ የምታወጣው፣ አንዴ "ወየው ግርማዬ!" ብል ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ይከተለኝ ነበር፣ እሳቸውም ይረቱ ነበር፣ ለቅሶው ይሆን ነበር። እኔም ምላሴ ላይ ያ ጨው ነበረኝ፣ እሳቸው ከጨው ውስጥ መጣ የሚል ሰሙ፣ እኔ የሰማሁት ሰጠመ የሚል ነው። አፌን ከፈትኩ። እመኑኝ፣ ድምፄ አልወጣም፣ ጉሮሮዬ ውስጥ ውሃ የሞላ ያህል ትንፋሽ አጠረኝ። አንዷ ጎረቤቴ ነጠላዋን ቀስ ብላ አስተካከለች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ወንዶቹም ጋቢያቸውን መለሱ፣ አንድ በአንድ ዞረው ወደየቤታቸው ሄዱ። ደህና ዋይ ያለኝ እንኳ የለም።

ዳሱን ያፈረሱት አባ ነጋ ናቸው። እንጨቱን ለማገዶ ውሰዱ ብል የሚወስድ ጠፋ፣ አጥር ሥር ተከምሮ ደረቀ፣ ከደረቀም በኋላ ከብት ዞሮ አላየውም። ከእርሻ ቢሮ የመጣ አንድ የማውቀው ልጅ ጉቶውን አየልኝና "የአፈሩ ጠባይ ይሆናል" አለኝ። ይሁን፣ እኔም ደስ ባለኝ፣ ግን ጉቶውን እኔው ራሴ ቀምሼዋለሁ፣ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው የሚለው፣ ሌላ ምንም የለውም።

ታምራት የዚያኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንበሮቹን ሊወስድ መጣ። ጭኖ ጨረሰና በሩን ከፍቶ ከመግባቱ በፊት ቆመ።

"ስንዱ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ሞቷል ወይስ አልሞተም?"

"እኔ እንጃ ታምራት።"

"አንቺ እንጃ ካልሽ እኔ ማንን ልጠይቅ?" አለ፣ ተቆጥቶም አልነበረም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የሚቀጥለው ቡና እስኪለቀም ጠበቀኝ፣ ከዚያ ሊሙ ሄዶ አገባ። አልተቀየምኩትም፣ ሰው ስንት ይጠብቃል። ግን አለቀስኩ፣ ለባሌ ያልወጣልኝ እንባ ለሱ ወጣልኝ፣ ምን ዓይነት ዕዳ ነው!

እማማ የሺ ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ሲመሽ የበሩን መቀርቀሪያ እንዳልነካ ከለከሉኝ። "ገብቶ ወጥቶ ነው የሚኖር፣ ደጅ እንዳታስቆሚው" ይሉኛል። ሌባው በበዛበት ዘመን ሁለት ሴቶች በር ሳይቀረቅሩ ሲያድሩ አስቡት፣ ተጣላን፣ ተኮራረፍን፣ እኔ እቀረቅራለሁ፣ እሳቸው ተነሥተው ይከፍታሉ፣ በመጨረሻ እኔው ተሸነፍኩ። አሁን እሳቸው አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ አርባቸውንም አውጥቻለሁ፣ የሚከለክለኝ የለም። ቢሆንም በሩን ገጠም አድርጌ ብቻ ሳልቀረቅር እተኛለሁ፣ ብቀረቅረው ሞተሃል ያልኩት ይመስለኛል፣ እሱን ደግሞ እንደዚያን ቀን ጠዋት አሁንም አፌ አልደፈረውም።

ታዲያ አንዳንድ ቀን፣ ሁልጊዜ አይደለም፣ አንዳንድ ቀን ብቻ፣ ጠዋት ወደ ሱቄ ልወጣ ስነሣ፣ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ አገኘዋለሁ።